ስለ ዱርና ስለ ረግረግ ጠባቂ ማኅበር፤ የአባልነት መዋጮ እንዴት እንዲሰበሰብና በምን ላይ እንዲውል የተጻፈ ትምህርት

ለተከበራችሁ አስተዳዳሪዎች፥ ባለ ይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት።

የአገር ሀብት በጐተራ የተከተተው እህልና በበረት ያደረው ከብት ብቻ አይደለም። ደመና የሚያርፍበት የተራራ ዱር፥ የክረምቱን ውሃ ተቀብሎ ለበጋ የሚያቈየው ረግረግ፥ በችግር ወራት ለከብት መትረፊያ የሚሆነው የወል መስክ፥ እነዚህ ሁሉ ሀብት ናቸው። ነገር ግን ተጠቃሚያቸው ሁሉም ሰው ስለ ሆነ ጠባቂያቸው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ ቀድሞ ጥቂት ይወስዳል፤ ጥቂት በጥቂት ላይ ሲደመር ዱሩ ቍጥቋጦ፥ ረግረጉም ደረቅ መሬት ይሆናል።

በምዕራብ ሸዋ ይህ ነገር በግልጥ ይታያል። በጄልዱ ወረዳ ከጎጆ ከተማ አካባቢ ከፍታ የሚነሣው ውሃ በመጃ ወንዝ አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በደንዲና በኤጀሬ በኩል የሚነሣው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ አገር አንድ ኮረብታ ሲራቈት የሚጎዳው በኮረብታው ሥር ያለው ገበሬ ብቻ ሳይሆን፥ ያን ኮረብታ ከቶ አይቶት የማያውቅ የሩቅ አገር ሰውም ነው። የጄልዱ ገበሬ ድንችና ገብስ ያመርታል፤ ባሕር ዛፍም በብዛት ይተክላል። ባሕር ዛፍ ለማገዶ፥ ለቤት ሥራና ለገንዘብ መጥቀሙ አይካድም፤ ሆኖም የአገሩን ጥድና ወይራ፥ የረግረጉንም ሣር ሊተካ አይችልም።

የዱር ጥበቃ ነገር በተነሣ ቍጥር ከወረዳ ሹማምንት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ዱሩን ጠብቁ ትሉናላችሁ፤ የጠባቂውን ደመወዝ ግን ከየት አምጥተን እንክፈል?» ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። በጀት የሌለው ትእዛዝ ወረቀት ሆኖ ይቀራልና። ለዚህ ጥያቄ በብዙ አገር የተገኘው አንድ መልስ የአባልነት ማኅበር ስለ ሆነ፥ ማኅበሩ ምን እንደ ሆነ፥ በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚፈርስ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ አስበናል። የነገሩን ፍሬ አስቀድመን ለመናገር፥ መዋጮ ዱርን የሚጠብቀው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛው ገንዘቡ በዱሩ አጠገብ ወደሚኖረው ሰው ሲደርስ ነው፤ ሁለተኛው ሒሳቡ ወደ ከፋዩ ሲመለስ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ማኅበሩ ዕድሜ አይኖረውም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ክፍል 1። የአባልነት መዋጮ ከግብርና ከምጽዋት የሚለይበት

ግብር በሕግ ግድ የሚከፈል ነው። ምጽዋት በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ቀን የለውም፥ ሰጪውም ሒሳብ አይጠይቅበትም። የአባልነት መዋጮ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። በፈቃድ የሚገባበት ስለ ሆነ ግብር አይደለም፤ ከተገባበት በኋላ ግን ልኩና ቀኑ የታወቀ፥ ስሙ በመዝገብ የተጻፈ፥ ሒሳቡም የሚጠየቅበት ስለ ሆነ ምጽዋት አይደለም።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ለእድር በየወሩ የሚከፍል ሰው ዛሬ ሞት ስለ ደረሰበት አይከፍልም፤ ሞት በማናቸውም ቤት የሚገባ መሆኑን አውቆ አስቀድሞ ያዋጣል እንጂ። እድሩም ዳኛ አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ገንዘብ ያዥ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፥ የከፈለም ይመዘገባል። ሽማግሌዎቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን የመሰለውን ሥራ ነው። ለዱር የሚቆም ማኅበርም ከዚሁ የተለየ ጥበብ አይሻም።

ምናልባት አንድ ሹም «ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ከምንለቅም ከአንድ ባለጠጋ አንድ ጊዜ ብዙ ብንለምን አይሻልምን?» ይል ይሆናል። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው። በ2020 ዓመት «ገበታ ለሀገር» በተባለው ጥሪ ከባለሀብቶችና ከሌሎች ለጋሾች የተሰበሰበው ገንዘብ ለጎርጎራ፥ ለወንጪና ለኮይሻ ሥራዎች የታሰበ ነበር። እንዲህ ያለው ትልቅ ስጦታ መንገድና ማረፊያ ለመሥራት ይመቻል። የተሠራውን መንከባከብ፥ የዘበኛን ደመወዝ በየወሩ መክፈል፥ የችግኝ ጣቢያን በየዓመቱ ማደስ ግን በየዓመቱ የሚመለስ ገንዘብ ይፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል እናስላው። 400 አባሎች በዓመት 150 ብር ቢያዋጡ ጠቅላላው 60,000 ብር ይሆናል። አንድ ባለጠጋም ይህንኑ 60,000 ብር ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ባለጠጋው በሚቀጥለው ዓመት ሐሳቡን ቢለውጥ የሚቀረው ባዶ ሣጥን ነው። ከ400ው አባሎች 40ው ቢቀሩ ግን አሁንም 54,000 ብር አለ፤ ዘበኛውም ሥራውን አይለቅም። የአባልነት ጕልበቱ ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ከመጽናቱ ላይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ክፍል 2። ሌሎች አገሮች የሠሩት

በእንግሊዝ አገር በ1889 ዓመት በማንቸስተር ከተማ አጠገብ ጥቂት ሴቶች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቆሙ። በዚያን ዘመን ለባርኔጣ ጌጥ ሲባል ብዙ ወፍ ይፈጅ ነበርና፥ አባል የምትሆን ሴት የወፍ ላባ እንዳታደርግ ቃል ትገባ ነበር። ማኅበሩ በ1904 ዓመት የንጉሥ ቻርተር አገኘ። ዛሬ አባሎቹ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ለወፎችና ለአራዊት መኖሪያ የተለዩ ከ200 የሚበልጡ ቦታዎችንም ይጠብቃል። በዚያው አገር በ1895 ዓመት የቆመው የቅርስና የመሬት ጠባቂ ማኅበር ደግሞ ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጡ አባሎች አሉት። አባሉ የዓመቱን መዋጮ ከፍሎ ካርድ ይቀበላል፤ በካርዱም ማኅበሩ በሚጠብቃቸው ቦታዎች ያለ መግቢያ ዋጋ ይገባል፥ ስለ ሥራውም የሚጽፍ መጽሔት ይደርሰዋል።

ከዚህ ላይ ግን ልዩነታችንን ማስተዋል ያስፈልጋል። የእንግሊዞቹ ማኅበሮች በአባሎቻቸው ገንዘብ መሬት ገዝተው የራሳቸው ሊያደርጉ ይችላሉ። በአገራችን በ1995 ዓመት በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚቆም ማኅበር ዱሩን ገዝቶ አጥር ሊያጥር አይችልም። የሚኖረው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም በመሬቱ ከሚጠቀሙት ሰዎች ጋር መስማማት ነው። የጎረቤቱ ፈቃድ በእንግሊዝ አገር ደግ ነገር ሲሆን፥ በእኛ አገር ግን የሥራው መሠረት ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገው ለእኛ ይቀርባል። በ1946 ዓመት የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በደቡብ በኩል ወደ ኪተንገላ ሜዳ የተከፈተ ነው። አራዊቱ በዝናብ ወራት ከፓርኩ ወጥተው በማሳይ ባለ ይዞታዎች መሬት ላይ ይግጣሉ። ሜዳው ከታጠረ ፓርኩ ብቻውን አራዊቱን ሊያኖር አይችልም። ስለዚህ በ2000 ዓመት በለጋሾች ገንዘብ አንድ ስምምነት ተጀመረ። መሬቱን ያላጠረ፥ አራዊትንም ያልገደለ ባለ መሬት በዓመት ለአንድ ኤከር 4 የአሜሪካ ዶላር ይከፈለው ጀመር። ክፍያውም የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በሚደርስበት ወራት እንዲሆን ተደረገ። ብዙ ቤተ ሰብም በዚህ ተጠቀመ። ሆኖም ገንዘቡ ከሩቅ የሚመጣ ስለ ነበረ ከዓመት ዓመት ሊጸና አልቻለም፤ የከተማውም ማደግ የመሬቱን ዋጋ እጅግ አናረው። አጥሩም በየቦታው በዛ። ከዚህ የምንማረው፥ ለጎረቤቱ መክፈል ትክክለኛ መንገድ መሆኑንና የማይጸና ክፍያ ግን ተስፋ ሰጥቶ ተስፋ የሚያስቈርጥ መሆኑን ነው።

ክፍል 3። በአገራችን የተሠራው

ከሁሉ አስቀድሞ የመንዝ ጓሳ መጠቀስ ይገባዋል። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ከፍታ ላይ ያለው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ይጠበቅ እንደ ነበር ይነገራል። የአስቦና የጌራ ትውልድ የሆኑ ባለ ርስቶች አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፥ ሜዳው ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ እንዲቆይ ያደርጉ ነበር። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድና ከብት ማሰማራት ክልክል ነበር፤ ባለ ርስቱም ሁሉ በተራው ይጠብቅ ነበር፥ የተላለፈም ይቀጣ ነበር። ሜዳው ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር በሥርዓት ይታጨዳል። በ1975 ዓመት የርስት ሥርዓት በዐዋጅ ሲሻር ቄሮ ሥልጣኑን አጣ፤ ሜዳውም ተጐዳ። ኋላም ሕዝቡ በመረጠው ጉባኤና በክልሉ ሕግ ጥበቃው ታደሰ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ይህ ሜዳ የተረፈው፥ የሚጠብቁት ሰዎች የሚጠቀሙበት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

በአዲስ አሠራር የቆመው ቀደምት ማኅበር ደግሞ በ1966 ዓመት በአዲስ አበባ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። አባሎቹ መዋጮ እየከፈሉ፥ «ዋልያ» የተባለውን መጽሔት እያሳተሙ፥ አገሩን እየዞሩ ይመረምሩ ነበር። በ1996 ዓመትም ለወፎች መኖሪያነት እጅግ የሚያስፈልጉ 69 ቦታዎችን መዝግቦ በመጽሐፍ አሳተመ። እንዲህ ያለው መዝገብ ሹማምንትን የሚረዳ ነው፤ ምን እንዳለ ያልታወቀበት ቦታ ምን እንደ ጐደለበት ሊታወቅ አይችልምና።

ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ በምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው። በኤጀሬ ወረዳ ከአዲስ ዓለም ከተማ አጠገብ የበርጋ ወንዝ በክረምት እየሞላ የሚያጥለቀልቀው ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። በዚህ ሜዳ ክንፏ ነጭ የሆነ፥ ክብደቷ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት መጥታ ትፈለፍላለች። ሊቃውንት ሳሮትሩራ አይሬሲ ይሏታል። በኢትዮጵያ የምትራባባቸው የታወቁ ሜዳዎች ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ከዚህ ውጭ የምትታየው በተለይ በደቡብ አፍሪካ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ተገምቶ፥ ከ2013 ዓመት ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ወፎች መካከል ተቈጥራለች።

እንግዲህ የነገሩን ክብደት ተመልከቱ። ወፊቱ ጎጆዋን የምትሠራው በሐምሌና በነሐሴ፥ ሣሩ ከፍ ባለበት ጊዜ ነው። በዚያው ጊዜ እርሻው ሁሉ ተዘርቷል፤ የገበሬው ከብት የሚሰማራበት ሌላ ቦታ የለውም። ሜዳውን ዝጋ ማለት በዓመቱ ውስጥ ግጦሽ እጅግ በሚያስፈልግበት ወር ከብትህን አታሰማራ ማለት ነው። ሕይወቷ የሚድነው ወፍ የዓለም ሀብት ስትሆን፥ ኪሳራው ግን በአንድ መንደር ላይ ይወድቃል። በፍትሕ የሚያስብ ሹም ይህን አይቶ ሊያልፍ አይገባውም።

በበርጋ የተደረገው ነገር ለዚህ መልስ የሚሆን ነው። ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር፥ በደቡብ አፍሪካ ከሚገኘውና ሚድልፑንት ከሚባለው የረግረግ ጠባቂ ድርጅት ጋር ሆኖ፥ ከሜዳው ጎረቤቶች ጋር ተመካከረ። ከአካባቢው ሰዎችም የሜዳው ጠባቂ ቡድን ተቋቋመ፤ በመራቢያው ወራት ግጦሽ እንዲገደብ የሚል ስምምነትም ተደረገ። ለሕዝቡም በዚያው በበርጋ ትምህርት ቤት ተሠራ። በሩቅ አገር ያለው ለጋሽ ለወፊቱ ብሎ የሰጠው ገንዘብ ልጅ የሚማርበት ቤት ሆነ፤ የልጁም አባት ከብቱን ከሜዳው የሚመልስበት ምክንያት አገኘ። ይህ ማለት በርጋ ዛሬ ከስጋት ወጥቷል ማለት አይደለም። ማረሻው፥ ግጦሹና የሣር አጨዳው በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ስምምነቱም በየዓመቱ መታደስ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ በደንዲ ወረዳ ከጊንጪ ከተማ አጠገብ ያለው የጭልሞ ዱር ነው። ጥድ፥ ዝግባና ወይራ የሚገኙበት ይህ ዱር ለአዋሽ ውሃ ከሚመግቡት ከፍታዎች አንዱ ነው። ዱሩ በብዙ ዓመት ውስጥ እየጠበበ ስለ ሄደ፥ በ1996 ዓመት በእንግሊዝ አገር በ1985 የተቋቋመው ፋርም አፍሪካ የተባለ ድርጅት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከሕዝቡ ጋር አዲስ አሠራር ጀመረ። በዱሩ ዙሪያ የሚኖሩት ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው፥ ወሰናቸው ተለይቶ፥ ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመው፥ የሚጠብቁም የሚጠቀሙም እነርሱ እንዲሆኑ ተደረገ። በ2018 ዓመት የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 1065 ደግሞ የማኅበረሰብ ደን የሚባለውን በሕግ አጽንቶታል። በጭልሞ የተገኘው ትምህርት፥ ከሩቅ የሚመጣ ገንዘብ ሥራውን ሊያስጀምር ቢችልም፥ ሥራውን የሚያዘልቀው ግን የጎረቤቱ አባልነት መሆኑን ነው።

ክፍል 4። ጸሐፊው ራሱ ያየው ጥፋት

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ወረዳ ጸሐፊ ሳለሁ ያየሁትን እዚህ ላይ ልጨምር፤ የወረዳውን ስም አልጽፍም። ከከተማው በላይ ጥድና ወይራ ያለበት ኮረብታ፥ ከሥሩም ሴቶች የሚቀዱበት ምንጭ ነበር። ለኮረብታው ጠባቂ ማኅበር ይቋቋም ተብሎ በስብሰባ ተወሰነ። ነገር ግን ሰዉ በፈቃዱ እስኪገባ መጠበቅ ስለ ሰለቸን፥ መዋጮው ከደመወዝተኞች ሁሉ ሳይጠየቁ እንዲቈረጥ ተደረገ። ዝርዝሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የከፋዮችን ስም በአንድ ወረቀት፥ ጠቅላላውን ገንዘብ በአንድ መስመር ጻፍሁ፤ ደረሰኝ ለማንም አልሰጠሁም። ገንዘቡ በሣጥን ተቀመጠ፤ ቍልፉም በአንድ ሰው እጅ ነበረ። በኮረብታው ሥር ከሚኖሩት ገበሬዎች መካከል ማንም አልተጠየቀም፥ ማንም አባል አልሆነም።

ዘበኛ ተቀጠረ፤ ጥቂት ወራትም ተከፈለው። በሁለተኛው ዓመት ሰዎቹ «የአምናው ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው ጠፋ። ዘበኛውም ደመወዙ ሲዘገይ ሄደ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በምንጩ በኩል ያለው እንጨት አለቀ፤ በሚቀጥለውም በጋ ምንጩ ስለ ቀነሰ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው እስከ ወንዙ ይወርዱ ጀመር። ገንዘቡ ተሰርቋል ብዬ አልናገርም። ተሰርቋል ወይም አልተሰረቀም ለማለት የሚያስችል መዝገብ አልጻፍሁም፤ ጥፋቴም ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ከተማ ስለ ዱር ማኅበር ቢነገር ሰው ይስቃል እንጂ አይሰማም። አንድ ጊዜ የጠፋ አመኔታ ከተቈረጠ ጥድ ይልቅ ለመብቀል ይዘገያል።

ክፍል 5። በጎጆና በመሰሉት ከተሞች ማኅበር ለማቋቋም የሚገባ ሥርዓት

1ኛ። ወሰኑንና የሚጠበቀውን ነገር ጻፉ። «ዱራችንን እንጠብቅ» ማለት አይበቃም። የትኛው ኮረብታ፥ ከየትኛው ጅረት እስከ የትኛው መንገድ፥ በየትኞቹ ወራት፥ ምን ነገር ክልክል፥ ምን ነገር የተፈቀደ መሆኑ በግልጥ ይጻፍ።

2ኛ። ከመጀመሪያው ብር በፊት ጎረቤቱን ጠይቁ። እንጨት የሚለቅሙትን ሴቶችና ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ሳትተዉ፥ ጥበቃው ከእያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚያስቀር ዘርዝሩ። የሚቀርባቸው ነገር ካልታወቀ የሚካሱበት ነገር አይታወቅም።

3ኛ። የመዋጮውን ልክ በደረጃ አድርጉት። ተማሪው፥ ገበሬው፥ የከተማው ነጋዴና በውጭ አገር ያለው ተወላጅ እኩል አቅም የላቸውም። ገበሬው በገንዘብ ፈንታ በጥበቃ ቀን ሊከፍል ይችላል፤ ቀኑም እንደ ገንዘብ በመዝገብ ይጻፍለት። በስብሰባ ግን የሁሉም ድምፅ አንድ ይሁን፤ ብዙ የከፈለ ብዙ አይዘዝ።

4ኛ። አባል ከሩቅ ፈልጉ። የጎጆ ተወላጅ በአምቦም፥ በአዲስ አበባም፥ በባሕር ማዶም አለ። ከወንዙ በታች በመስኖ የሚያለማውም ሰው የዱሩ ተጠቃሚ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ልመና ብቻ አይሁን፤ የኮረብታውን ስም፥ የዘበኛውን ደመወዝ ልክና የጐደለውን ገንዘብ በቍጥር የሚገልጥ ይሁን።

5ኛ። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይሰጥ። ደረሰኙ ተከታታይ ቍጥርና ቀሪ ይኑረው። ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ሲወጣም ሊቀ መንበሩ፥ ሒሳብ ያዡና ከዱሩ ጎረቤቶች የተመረጠ አንድ ሰው ሦስቱም ይፈርሙ። የወረዳው ሹም ራሱ ገንዘብ ያዥ አይሁን፤ የተጠረጠረ ጊዜ የሚመረምረው ይጠፋልና።

6ኛ። ገንዘቡን አስቀድማችሁ ክፈሉት። ለምሳሌ ከላይ ካሰላነው 60,000 ብር ውስጥ ለዘበኛ 30,000፥ ለጎረቤቶቹ ካሳ ለድርቆሽ፥ ለመኖ ዘርና ለትምህርት ቤት መሣሪያ 15,000፥ ለችግኝና ለአጥር 6,000፥ ለጽሕፈትና ለሪፖርት 3,000፥ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ 6,000 ብር ሊመደብ ይችላል። ልኩ እንደየቦታው ይለወጣል፤ የጎረቤቶቹ ድርሻና መጠባበቂያው ግን ከቶ አይቅር።

7ኛ። በዓመት አንድ ጊዜ ለአባሉ ሁሉ አንድ ገጽ ሪፖርት ላኩ። የገባውን፥ የወጣውንና የቀረውን ይናገር። የተቈረጠ ዛፍ ካለ የተቈረጠውን፥ የደረቀ ችግኝ ካለ የደረቀውን አትሸሽጉ። አባል ክፉ ወሬ ሰምቶ ከማኅበሩ አይወጣም፤ ምንም ወሬ ባለመስማቱ ይወጣል እንጂ። ከክረምቱም በኋላ አንድ ቀን ወስናችሁ አባሎቹ ቦታውን መጥተው እንዲያዩ አድርጉ። አባልነት ግን እንጨት የመቍረጥ ወይም በጎረቤቱ ላይ የማዘዝ መብት እንደማይሰጥ አስታውቁ።

8ኛ። በግድ አታስገቡ፥ ከደመወዝም ሳይፈቅዱ አትቍረጡ። በግድ የገባ ሰው ልቡ ከማኅበሩ ውጭ ነው፤ አስገዳጁ ሹም ሲዛወርም መዋጮው አብሮ ይዛወራል።

9ኛ። ማኅበሩ በሕግ ይመዝገብ። በ2019 ዓመት የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቍጥር 1113፥ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ በ2016 ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 985 መንገዱን ያሳያል። ያልተመዘገበ ማኅበር የባንክ ሒሳብ ሲከፍትም፥ ወሰኑ ሲደፈር አቤት ሲልም ይቸገራል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ሹማምንት፥ ከእናንተ የሚፈለገው ገንዘብ አይደለም፤ ሦስት ነገር ነው። ወሰኑን ማስከበር፥ መዝገቡን በየጊዜው ማስመርመር፥ ለጎረቤቱ የተገባውን ቃል ማስፈጸም ነው። የተከበራችሁ ባለ ይዞታዎች፥ ከእናንተም የሚፈለገው ለምንጩ መነሻ የሆነውን ዳርቻ አለማረስና የመንደሩ ስምምነት እንዲጸና መመስከር ነው። የሩቁ አባል ኮረብታውን አያየውም፤ የሚያየው በእጁ ያለውን ደረሰኝና በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሰውን አንድ ገጽ ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት አምኖ ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው አደራ ሰጥቷል፤ አደራም ጥብቅ ነው።

ሥራው ሲጀመር ወቅቱን መመልከት ያስፈልጋል። ከክረምቱ በፊት ያልተመከረበትን ሜዳ በሐምሌ መዝጋት ጠብ ያመጣል። ስለዚህ የጎረቤቶቹ ስብሰባ በመጋቢትና በሚያዝያ ይደረግ፤ መዝገቡና ደረሰኙ በግንቦት ይዘጋጅ፤ ለካሳ የታሰበው ድርቆሽም ሜዳው ከመዘጋቱ በፊት በየቤቱ ይድረስ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ ሲገባ ከብቱን ከሜዳው የሚመልሰው ባለቤቱ ራሱ ይሆናል።